የለቀቁበት ምክንያት

የመምህሩ አፍ እንደተከፈተ ቀረ። አንድ እጃቸው አየር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ዓይናቸው ግማሽ ተከድኗል። ቁንጫ ስልኩን ይዛ ወደ መስኮቱ ሮጠች፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ተመልሳ ወንበር ላይ ወጣችና እጇን ወደ ጣሪያው ዘረጋች። ስክሪኑ መሃል ያለችው ትንሽ ክብ መዞሯን ቀጠለች። የዋይፋዩ ሳጥን ሦስት እርምጃ ርቆ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ሳለ ወንበር ላይ መውጣት ምን እንደሚጨምር እሷም አታውቅም። ዝም ብሎ መቀመጥ ስላልፈጠረባት ነው። ቁንጫ የሚለውን ስምም እናቷ ያወጣችላት ገና በሁለት ዓመቷ ነው።

ኔትወርኩ ከአሥራ አንድ ደቂቃ በኋላ ሲመለስ ከስክሪኑ ጥግ አንዲት መልእክት ጠበቀቻት። ከመምህሩ ናት። «ሁለተኛ ቀሪ። ሦስተኛ ከሆነ ቦታሽ ወረፋ ለሚጠብቅ ልጅ ይሰጣል» ትላለች።

ትምህርቱ አኒሜሽን ነው፤ በእጅ የሣሉትን ሰው እንዲራመድ፣ እንዲያነጥስ፣ እንዲቆጣ የማድረግ ጥበብ። ማክሰኞና ዓርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት እስከ አሥራ አንድ በቀጥታ ይሰጣል። ከስንትና ስንት አመልካች የተመረጡት አሥራ ሁለት ልጆች ብቻ ሲሆኑ፣ ቁንጫ የተመረጠች ቀን ደረጃውን ስትወጣና ስትወርድ ነው የዋለችው። አሁን አንዲት አሮጊት መንገድ የምትሻገርበትን ሥዕል እየሠራች ነው። አሮጊቷ ገና የመንገዱ ግማሽ ላይ ናት። ከአሥር ደቂቃ በላይ ከክፍል የጠፋ ተማሪ እንደቀረ ይቆጠራል፤ «ኔትወርክ ሄደብኝ» የሚለውን ቃል ደግሞ መምህሩ መስማት ካቆሙ ቆይተዋል። የተኛውም፣ ኳስ ሊጫወት የሄደውም ኔትወርክ ነው የሚለው፤ በማን ይፈረዳል?

ቁንጫ ቆሽቷ አረረ። ትምህርቱ ሲያልቅ የኢንተርኔት ድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ጋ ደወለች። ጥሪዋ ለድርጅቱ እጅግ ውድ እንደሆነ አራት ጊዜ ተነገራት፤ በመሃሉ ያው አንድ ሙዚቃ እየተመላለሰ ጆሮዋን አደነቆራት። ሃያ ደቂቃ ሲሞላ አንዲት ለስላሳ ድምፅ ያላት ሴት አነሳችና ችግሩን ሰምታ ስታበቃ ራውተሩን አጥፍታ አብርታው እንደሆነ ጠየቀቻት።

ከሁሉ አብልጣ የምትጠላው ጥያቄ ይሄ ነው። «የምትልኩት ባለሙያ ራውተሩን አጥፍቶ ከማብራት ሌላ ምንም አያውቅም» አለች ቁንጫ። «ሥራውን የማያውቅ ሰው ለምን ትልካላችሁ?»

ሴትየዋ ቃል በቃል እንደመዘገበችው ነግራት፣ አመስግናትና መልካም ቀን ተመኝታላት ስልኩን ዘጋች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። የዚያን ሰፈር መስመር የያዘው ባለሙያ ማን እንደሆነ ቁንጫ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ጠዋት ጠዋት የመሣሪያ ቦርሳውን ከበሩ ሥር አንስታ የምታቀብለው እሷ ናት። አባቷ ነው። ግን ስልኩን ያነሳችው ሴት ከሩቅ ያለች ትመስላለች፤ የሩቅ ሰው የሰማው ነገር እዚያው ሩቅ የሚቀር መሰላት። ደግሞም ተናዳ ነበር። የተናደደ ሰው አድራሻ አያይም።

በማግስቱ፣ ረቡዕ ዕለት፣ ከሕንፃው በታች ጃንጥላና ጠረጴዛ ተዘርግቶ አገኘች። አዲስ የኢንተርኔት ድርጅት ሰፈሩን እያዳረሰ ነው። የሽያጭ ሠራተኛዋ ወጣት ናት፤ ምላሷ ፈጣን ነው። በሕንፃው ካሉት አሥራ ስድስት ቤቶች አሥሩ ከፈረሙ አዲሱ ገመድ በሳምንቱ እንደሚገባ፣ ከዓርብ በኋላ ግን ሌላ ሰፈር እንደምትሄድ ነገረቻትና ቁጥርና ማኅተም ያለበት አንድ ቅጽ ሰጠቻት። ስም፣ ፎቅ፣ ፊርማ፤ በመጨረሻ ደግሞ ሰፊ ዓምድ፤ «የለቀቁበት ምክንያት» ይላል። አንዱ ቅጂ ለቀድሞው ድርጅት ይላካል አለች፣ ደንበኛ ዘረፋችሁን እንዳይሉ። ስርዝ ድልዝ ያለበት መስመር ግን ውድቅ ነው።

እግሯ ለማያርፍ ልጅ ከዚህ የተሻለ ሥራ አይገኝም። ቁንጫ ያን ቀን ከምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ ስንቴ እንደተመላለሰች እሷም አልቆጠረችውም። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ጡረተኛዋ ነርስ ከልጃቸው ጋር ሲያወሩ ፊቱ እየተቆራረጠ አንድ ቀንም ሙሉ ሆኖ አይተውት እንደማያውቁ ጻፉ። ፀጉር አስተካካዩ ብዕሩን ይዞ ትንሽ አሰበና «ባለሙያው ሲመጣ ይሠራል፤ ሲሄድ አይሠራም» አለ፤ የገዛ ቀልዱ አስቆት እሱኑ ጻፈው። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ልብስ ሰፊ ግን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩዋት።

«አባትሽ ይሄን ያውቃል?»

«አባቴ ምን አገባው ጋሼ? እሱ ተቀጣሪ ነው» አለች።

ከዚያ ወዲያ የሰዉ ሁሉ እጅ ተፈታ። የባለሙያው ልጅ ራሷ ካመጣችው ምን ይሉኝታ አለ? ባለሙያው ቶሎ አይመጣም፤ ባለሙያው ግድ የለውም፤ ባለሙያው መጥቶ ነካክቶ ይሄዳል፤ ልብስ ሰፊውም ተነፈሱና የሆነ ነገር ጻፉ። ቁንጫ ቆማ አላነበበችም፤ ቀጣዩ በር ነው የታያት። አሥረኛዋን ፊርማ ከመድኃኒት ቤት ሥራዋ ደክሟት የገባችው እናቷ ፈረመች። ለአባቷ ነግራው እንደሆነ ጠየቀቻት፤ ቁንጫ ነገ እነግረዋለሁ አለች። እናቷ ምክንያቱን አንቺው ሙዪው ብላ ጫማዋን ልታወልቅ ገባች። ቁንጫም በስልክ ላነጋገረቻት ሴትዮ ያለችውን አስታውሳ፣ ወድዳውም ስለነበር፣ «ባለሙያው ሥራውን አያውቅም» ብላ ጻፈች።

ሐሙስ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ከፈተች። አባቷ ነው። ቁልፍ እያለው ነው ያንኳኳው። የሥራ ልብሱን እንደለበሰ፣ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አንግቶ፣ ከመድረኩ ወዲያ ቆሟል።

«እንደምን ዋሉ። የኢንተርኔት ብልሽት ያመለከቱት እርስዎ ነዎት?»

ቁንጫ ቀልድ መስሏት ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ስልኩን አውጥቶ እንደ ደብዳቤ አነበበላት፦ ደንበኛ፣ አራተኛ ፎቅ፤ የአቤቱታው ዝርዝር፣ የሚላከው ባለሙያ ራውተሩን አጥፍቶ ከማብራት ሌላ ምንም አያውቅም፤ ሥራውን የማያውቅ ሰው ለምን ይላካል። አንዲት ቃል አልጎደለችም። ቁንጫ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። አንተ መሆንህን አላሰብኩም ነበር ልትል አፏን ከፈተችና ውሸት ሆኖ ስላገኘችው ዘጋችው።

አባቷ እግሩን መጥረጊያው ላይ ጠርጎ ገባ። የማያውቀው ሰው ቤት የገባ ይመስል፣ ቴሌቪዥኑን ሳያይ፣ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ፣ በቀጥታ ወደ ራውተሩ ሄዶ መለኪያውን ሰካ። ቁጥሩን አየና ነቀለው። ከዚያ ደንበኛዋ ፈቃዷ ከሆነ አብራው ወርዳ ብታይ ጥሩ እንደሆነ በትሕትና ተናገረ። ቁንጫ ነጠላ ጫማዋን እንኳ በትክክል ሳትጫማ ተከተለችው። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

ከደረጃው ሥር የሕንፃው ማከፋፈያ ሳጥን አለ። ቁንጫ በሕይወቷ ሙሉ በአጠገቡ እየሮጠች ስታልፍ ኖራ ውስጡን አይታው አታውቅም። አባቷ ከፈተው። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ፣ አሥራ ስድስት መሰኪያ። አራቱ ጠቁረዋል፤ ፕላስቲካቸው ቀልጦ ደርቋል። ባለፈው ዓመት መብረቅ የመታው ጊዜ ነው፣ አላት። ከጤነኞቹ አሥራ ሁለት አንዱ ላይ ትንሽ ነጭ ማካፈያ ተሰክቶ ከእሱ አምስት ገመድ ይወጣል።

«አምስት ቤት በዚች በአንዷ ነው የሚተነፍሰው» አለ። «አሥር ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ ትታነቃለች።»

የእነማን ቤት እንደሆኑ ጠየቀችው። በየሳምንቱ እንደሚያፈራርቃቸው ነገራት፤ የዚህ ሳምንት ተጎጂ በሚቀጥለው ይድናል፣ ሌላው ተራውን ይይዛል። ለዚህ ነው በየሳምንቱ ሳጥኑ ጋ የሚመላለሰው። ቁንጫ አጎንብሳ ገመዶቹ ላይ የተለጠፉትን ወረቀቶች አየች። አራቱ አዲስ ናቸው። አምስተኛው ግን አርጅቶ ቢጫ ሆኗል፤ የአባቷ ጽሕፈት ነው፤ የእነሱ ቤት ቁጥር ነው። ከማካፈያው ተነቅሎ አያውቅም። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ የሚባለው ተረት እዚህ ሰው ዘንድ አይሠራም።

አዘነች፤ ግን ከማዘኗ በፊት ተናደደች። «ለምን የእኛ አይፈራረቅም? እኔ ከክፍል ልሰረዝ ነው እኮ አባዬ!»

«የሰው መስመር አንቄ የራሴን ባሳምር በደረጃው እንዴት እወጣለሁ?» አለ። የመሰረዙን ነገር ግን እንደማያውቅ ተናገረ። አዎ፣ አልነገረችውም። ኔትወርክ ሄደ ብላ ስትጮህ ነው የሚሰማት እንጂ ስንተኛዋ ቀሪ እንደሆነች ነግራው አታውቅም። እሱም ስለ ሳጥኑ ነግሯት አያውቅም። ድርጅቱ ሳጥኑን እንዲቀይር ሦስት ጊዜ ጽፏል፤ መልሱ «አዲሱ እስኪመጣ በብልሃት ያዘው» የሚል ነው። እሱም በብልሃት ያዘው። ሰው ሲያማርር ደግሞ የሚመዘገበው በሳጥኑ ስም አይደለም። የሷ አቤቱታ ለእሱ የዓመቱ ሁለተኛው ነው፤ በሦስተኛው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፋል።

«ታዲያ ለምን ለሰዉ አትናገርም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ቅጹ ላይ ያለው ሰፊ ዓምድ ድንገት ዓይኗ ላይ መጣ። «ሰው ድርጅቱን ሲለቅስ?» አለች፣ እንደ ዋዛ።

«የለቀቀበትን ምክንያት ያዩታል። ሳጥን ካሉ ሳጥን ይቀየራል፤ ባለሙያ ካሉ ባለሙያ ይቀየራል።» ሳጥኑን ዘጋ። እውነቱን ለመናገር ተቀጣሪ ባይሆን ኖሮ ራሱም ድሮ ለቆ ነበር አለ፤ ይሄን ሲል ፈገግ አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከዚያ መሰረዟ አሳስቦት፣ ለነገ ብቻ፣ አሥር ሰዓት ላይ ሌሎቹን አራት ገመዶች ለአንድ ሰዓት ነቅሎ መስመሩን ለሷ ብቻ እንደሚያደርግላት ቃል ገባ። ቁንጫ አመሰግናለሁ አለች። ስለ ቅጹ ግን አልነገረችውም፤ አልደፈረችም።

እራት ላይ ሁለት ጊዜ ውሃ ደፋች። ቅጹን አውጥታ ስታነበው ከአሥሩ ሰባቱ ላይ «ባለሙያው» የሚል ቃል አለ፤ ሰባተኛው የራሷ ነው። ሠርዛ እንዳታስተካክል መስመሩ ውድቅ ይሆናል። እንዳለ ብትሰጠው ደግሞ ሁሉም ነገር ያልቃል፦ ገመዱ በሳምንቱ ይገባል፣ ዓርብ ክፍሏ ትገባለች፣ አሮጊቷም መንገዱን ትሻገራለች። አባቷ ራሱ እለቅ ነበር ብሎ የለም? ሰዉስ ቢሆን የራሱን ቃል ነው የጻፈው። ይሄን ለራሷ ደጋግማ ነገረችው፤ ልቧ ግን አልተቀመጠላትም።

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት እንደወጣች ወደ ጃንጥላው ሄደች። ሠራተኛዋ የተሞላውን ቅጽ ስታይ ፊቷ በራ፤ «አንቺ ልጅ ቀላል አይደለሽም» ብላ እጇን ዘረጋች። ቁንጫ ወረቀቱን አልለቀቀችም። ሌላ ባዶ ቅጽ እንዳለ ጠየቀች። አለ። ግን ሠራተኛዋ አሥር ተኩል ላይ ዕቃዋን ሰብስባ ትሄዳለች፤ ሕንፃው ደግሞ አሁን ግማሹ ባዶ ነው፣ ሰው ከሥራ የሚገባው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ያ ደግሞ የክፍሏ ሰዓት እንደሆነ ቁንጫ ታውቃለች። ባዶውን ቅጽ ተቀብላ ሁለቱንም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ገና አልወሰነችም።

ከደረጃው ሥር አባቷን በጉልበቱ ተንበርክኮ አገኘችው። ሳጥኑ ክፍት ነው። አራቱን ገመዶች ነቅሎ በእጁ ይዟል።

«ወደ ቤት ውጪ፣ ውጪ» አላት። «ዛሬ መስመሩ ያንቺ ብቻ ነው።»

ወጣች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቆመችና ክፍሉን ከፈተች። የመምህሩ ፊት እንዲህ ጠርቶ ታይቷት አያውቅም። አገጫቸው ላይ ጠባሳ እንዳለ እንኳ ዛሬ ገና ማየቷ ነው። ልጆቹ አንድ በአንድ እየገቡ ነው፤ ማንም አይቆራረጥም፤ የአንዱ ልጅ ድመት በካሜራው ፊት ስታልፍ ጢሟ ይቆጠራል። መምህሩ ስም ሊጠሩ መዝገባቸውን ሲገልጡ ሰማች። በዚያው ቅጽበት ከደረጃው የቁልፍ ድምፅ መጣ፤ ከባድና ዘገምተኛ እርምጃ፤ ልብስ ሰፊው ናቸው። ጊዜው አሥር ሰዓት ነው። እዚህ ብትቀመጥ ማንም አይወቅሳትም፤ ምክንያቱም ማንም አያውቅም።

ብድግ አለች፣ ተቀመጠች፣ እንደገና ብድግ አለች። ከዚያ ለመምህሩ ጻፈች፦ «መምህር፣ ዛሬ ኔትወርኬ ደህና ነው። የምቀረው ሌላ ጉዳይ ስላለብኝ ነው።» ላከችው። እንዳትጸጸት ፈርታ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትታው ወጣች። ዓይኗ ግን ሞልቶ ነበር፤ በእጅጌዋ ጠረገችው።

ልብስ ሰፊው በራቸውን ከፍተው ሳይገቡ ደረሰችባቸው። ባዶውን ቅጽ አይተው ግራ ተጋቡ። «ረቡዕ ጽፌልሽ የለም እንዴ?»

«ያኔ እኔም የማላውቀው ነገር ነበር ጋሼ። እባክዎ አንዴ ወርደው ይዩልኝ፤ ከዚያ የፈለጉትን ይጻፉ።»

ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው አጉረመረሙ፤ ግን ወረዱ። ነርሷም ድምፅ ሰምተው በራቸውን ከፈቱና ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ተከተሏቸው። ከደረጃው ሥር አባቷ ገመዶቹን እንደያዘ ቀና አለ። መጀመሪያ እሷን አየ፣ ቀጥሎ ሰዓቱን።

«ክፍልሽስ?»

ቁንጫ የድሮውን ቅጽ አውጥታ ሰጠችው። አነበበው። ጽሕፈቷን እንደለየው ከፊቱ አወቀች፤ ዓይኗን ግን አልሰበረችም።

«ገመዶቹን መልሳቸው አባዬ» አለች። «ሳጥኑን ግን አትዝጋው።»

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተው። አንድ ገመድ ሰካ፣ ሁለተኛውን ሰካ። ልብስ ሰፊው መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አውርደው አጎነበሱና የጠቆሩት ምን እንደሆኑ ጠየቁት። አባቷ ጉሮሮውን ጠረገ።

ቁንጫ ቆማ አልሰማችም። ብዕሩንና ቅጹን ለነርሷ አስይዛ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሌላ በር ሲከፈት ስለሰማች ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች።